መቀስ ለትንሹ ፍሬን፣ ካውያ ለትልቁ

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ልኬት ይላታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖራለች፤ ሰው ገና በበሩ ሲገባ ወገቡን፣ ትከሻውንና የእጁን ርዝመት በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። መንገድ ላይ ሰላም ሲሏት እንኳ መልሷ፣ «ደህና ነኝ፤ ያ ኮት ግን በቀኝ ትከሻህ በኩል አንድ ጣት ጠቦሃል» ነው። ሰዉ ለምዷታል። አንዳንዱ ከሩቅ ሲያያት ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል።

እኔ ታናሿ ነኝ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እለቅማለሁ፣ ክር እመርጣለሁ። ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝም «አንቺ ልጅ» ነው የምትለኝ። ሱቃችን አንድ ክፍል ናት። በመስኮቱ ሥር የእሷ የስፌት መኪና፣ በጥጉ የእኔ ወንበር፣ መሀል ላይ ደግሞ ደንበኛ ቆሞ የሚለካባት ዝቅ ያለች የእንጨት ሣጥን አለች። መቀሶቹ ግድግዳው ላይ በየቁመታቸው ተሰቅለዋል። ትልቁ የእናታችን ነበር፤ ማንም ወረቀት እንዳይቆርጥበት ከሁሉም በላይ ይሰቀላል። እኔ እሱን ለማውረድ ሣጥኗ ላይ መውጣት አለብኝ።

በዚህች ክፍል ውስጥ የላላ ነገር ኖሮ አያውቅም። እትዬ የላላ ስፌት ነውር ነው ብላ ታምናለች። እሷ የከደነችውን ጠርሙስ ማንም አይከፍተውም። የጫማዋን ማሰሪያ የምፈታላት እኔ ነኝ፤ ያውም በመርፌ እየጎረጎርኩ። ይህን አስቀድሜ የማነሳው፣ በኋላ ውሃ ውስጥ የከተታት ይኸው ጠባይዋ ስለሆነ ነው።

ካያኳ የመጣችው ዘንድሮ ነው። ካያክ ማለት አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ እንደ አተር እሸት ሾጠጥ ያለች፣ በእጅ የምትቀዘፍ ጀልባ ናት። ሐይቁ ላይ ዋና የሚያስተምር አንድ አሠልጣኝ የጀልባዎቹን የፀሐይ ሸራ እኛ ዘንድ ያሰፋ ነበር። ከተማውን ለቆ ሲሄድ ካያኳን ከአንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ከአንድ የክር ማጠንጠኛ ጋር በራችን ላይ አስቀምጦልን ሄደ። «ለእትዬ ልኬት፤ ልክዎ ናት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባት ነበር።

እኔ የጨርቅ መደርደሪያ ትሆናለች ብዬ አስቤ ነበር። እትዬ ግን ዙሪያዋን ዞረች፤ መቀመጫዋን በሜትር ለካች፤ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ እዚያው አስፋልቱ ዳር ገባችባትና እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። እሷ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወዝወዝ አለችና፣ «ወገቧ ጥሩ ነው» አለች። በሚቀጥለው እሑድ ሐይቁ ላይ ነበረች።

ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ጋሽ የለም ይሉታል። ስሙን ያገኘው ከመልሱ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ዓሣ አለ?» ሲሉት «የለም» ይላል። ነፋስ አለ? የለም። ሻይ አለ? ብርጭቆው እጁ ላይ እየጨሰ፣ «የለም»። እትዬን መጀመሪያ ቀን ከእግር እስከ ራስ አያትና፣ «ለእርስዎ የሚሆን ውሃ የለም» አላት። እሷም ከእግር እስከ ራስ አየችውና፣ «ሱሪዎ ከኋላ ሊቀደድ ነው፤ ሰኞ ይዘውት ይምጡ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ናቸው።

በሕይወት ባለች ዓሣ ማጥመድን ያስተማራት እሱ ነው። ቆሮሶ የሚሏት መዳፍ የማትሞላ ዓሣ ከንፈሯ ላይ በመንጠቆ ትያዝና፣ ሠላሳ ክንድ ያህል ክር ወደ ኋላ ይለቀቅላታል። ከዚያ ቀስ ብሎ መቅዘፍ ነው። ትንሿ ዓሣ ከኋላ እየዋኘች ትከተላለች፤ አምባዛው፣ ያ ጢማሙ ትልቅ ዓሣ፣ ከጭቃው ብድግ ይልና ምሳዬ በእግሯ መጣችልኝ ይላል። ዘንጉ ካያኳ ላይ ባለች ቱቦ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ እጅ ለመቅዘፊያው ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው ማጠንጠኛው ላይ ነው። ማጠንጠኛው ሁለት ፍሬን አለው። ከኋላ በኩል ትንሹ ነው፤ እሱ ክሩን በስሱ ይይዘዋል፤ ዓሣ ሲጎርስ እየጠቀጠቀ ይለቅለታል። እጀታውን አንዴ ሲያዞሩት ትንሹ ይለቅና ከፊት ያለው ትልቁ ፍሬን ይይዛል፤ ትግሉ በእሱ ነው። አሠልጣኙ የተወልን መመሪያ ሥዕል ብቻ ነበር፤ ቀስት፣ መደመር፣ መቀነስ። ስንት ይደመር፣ ስንት ይቀነስ የሚል አንድ ቃል የለበትም። እትዬም የምታውቀውን አደረገች። ሁለቱንም እንደ ጠርሙስ ክዳን አጠበቀቻቸው።

የመጀመሪያው አምባዛ በሦስተኛው እሑድ መጣ። ጎረሰ፤ ክር አልተለቀቀለትም፤ ዘንጉ በጎን ተጎንብሶ ውሃ ጠጣ፤ ካያኳም እሱን ተከትላ ተጎነበሰች። እኔ ዳር ቆሜ መጀመሪያ ያየሁት እህቴን ነው፤ ቀጥሎ ያየሁት የካያኳን ሆድ ነው። ጋሽ የለም ጀልባውን ወደ ውሃው እየገፋ፣ «የለችም» አለ። ያን ጊዜ ከካያኳ ማዶ የእሷ ሳቅ ተሰማ። ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ሰደርያዋን ለብሳ፣ ያውም ወገቡን ራሷ አስገብታ የሰፋችውን፣ እንደ ቡሽ ተንሳፋ ትስቃለች።

መንጠቆው ባዶውን ስለተመለሰ፣ «ላልቶብኝ ነው ያመለጠኝ» አለችና በፒንሳ ጨምራ አጠበቀችው። በሳምንቱ ደግማ ተገለበጠች።

ልጇ ነርስ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል፤ እናቷ ሳትቀር ሲስተር ትላታለች። ሁለተኛውን መገልበጥ በሰማች ማግስት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ ሣጥኗ ላይ ቆመች፤ ልትለካ አይደለም፣ ከፍ ብላ ልትናገር ነው።

«እማዬ፣ ስልሳ ስድስት ዓመትሽ ነው» አለች።

«ስልሳ አምስት ተኩል።»

«ሁለት ጊዜ ተገልብጠሻል።»

«አንድ ተኩል። በሁለተኛው አንድ እግሬ ውስጥ ነበር።»

«አክስቴ፣ አንቺ ንገሪያት እንጂ» አለችኝ። እኔ የቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ገባሁ ማለት ይቻላል፤ ነጭ ቁልፍ ከክሬሙ እለያለሁ ብዬ አቀረቀርኩ።

«ሦስተኛ ከተገለበጥሽስ?» አለች ሲስተር።

እትዬ ፔዳሏን መርገጥ አቆመች። «ሦስተኛ ከተገለበጥኩ ካያኳን ራሴ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ። በእናቴ መቀስ» አለች።

ይህ መሐላ ቀልድ አይደለም። እህቴ በሠላሳ ስምንት ዓመት ቀጠሮ አሳልፋ አታውቅም፤ በዚያ መቀስ ስትምል ደግሞ የሰማኋት ሦስቴ ብቻ ነው። ሲስተርም ታውቃለች። «ጥሩ» አለች። «የጤና ጣቢያችን በር ላይ የአበባ መደብ ያስፈልገናል። አፈር ብንሞላባት ልክ ናት።»

በማግሥቱ ዐሥራ ሁለት የአበባ ችግኝ እያንዳንዱን በወተት ጣሳ አድርጋ አመጣችና በራችን ላይ ደረደረቻቸው። ችግኞቹ እህቴ እስክትገለበጥ ይጠብቃሉ ማለት ነው። እትዬ ጠዋት ጠዋት ራሷ ውሃ ታጠጣቸዋለች። «እነሱ ምን አጠፉ» ትላለች።

ከዚያ ወዲህ ኑሯችን ምርመራ ሆነ። ሲስተር ከሥራ ስትመለስ ብቅ ትልና የእናቷን ፀጉር በእጇ ትዳብሳለች። «ምን አረጠበው?» ስትላት «ታጠብኩ» ትላለች እትዬ። «በሐይቅ ነው በቧንቧ?» ይቀጥላል። አንድ ቀን ዝናብ መትቷት መጥታ ግማሽ ሰዓት ስታስረዳ ቆየች።

መሐላው እትዬን አስፈራት። ልታጠብቅ የለመደች እጇ በአንድ ጊዜ ወደ ማላላት ዞረ፤ ሁለቱንም ፍሬን እስከ መጨረሻው ለቀቀቻቸው። ያን እሑድ ትንሿ ቆሮሶ ራሷ ክሩን እየጎተተች ሽርሽር ሄደች፤ ማጠንጠኛው ያለ ከልካይ ሲሽከረከር ክሩ በላዩ ተነስቶ የወፍ ጎጆ ሠራ። እትዬ ጎጆውን እቅፍ አድርጋ ተመለሰች። እኔ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ በመርፌ ፈታሁት። ዓሣ የለም፤ መገልበጥም የለም።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ። ቅዳሜ በእኛ ቤት የዘይት ቀን ነው። እትዬ ሱቁን ከመዝጋቷ በፊት በዚያች አፈ ሹል የመኪና ዘይት ጣሳ ሁሉንም ታቀምሳለች። መኪናዋን፣ የመቀሶቹን መገጣጠሚያ፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የእኔን ወንበር፣ ካልደበቅኩት መነጽሬንም ጭምር። ያን ቅዳሜ ማጠንጠኛውን ፈታችው። ውስጡ እንደ ቁልፍ የተደራረቡ ቀጫጭን ክቦች አሉ፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ የሱፍ ጨርቅ፣ ደግሞ ብረት፣ ደግሞ ሱፍ። እንዴት ደስ እንደሚሉ። «ደርቀዋል ምስኪኖች» አለችና አንጠባጠበችላቸው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እኔም አጠገቧ ቆሜ «ያንኛው አልደረሰውም» አልኳት። መያዝ ያለበትን ፍሬን ዘይት አጠጥተን አንሸራታች አደረግነው።

እሑድ ትልቅ ዓሣ ጎረሰ። እትዬ እጀታውን አዞረች፤ ትልቁ ፍሬን መያዝ ነበረበት፤ አልያዘም። አጠበቀች፤ አልያዘም። ዓሣው ክሩን ሁሉ ይዞ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቋጠሮ ጨምሮ፣ ወደ ማዶ ሄደ። ዳር ስትደርስ ጋሽ የለም ባዶውን ማጠንጠኛ አገላብጦ አየና፣ «ክርም የለም» አለ። ባወቅኩት ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ተናገረ።

በማግሥቱ ጠዋት እህቴ ችግኞቹን ስታጠጣ ከወትሮው ቆየች። በመስኮት አየኋት። ዓይኗ ከችግኞቹ ወደ ካያኳ፣ ከካያኳ ወደ ችግኞቹ ይሄዳል። እህቴን አውቃታለሁ፤ እየለካች ነበር። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ቢተከሉ ልክ ይሆናሉ። ስትገባ የማንንም ኮት አልተቸችም። ሦስት ደንበኛ ገብቶ ወጣ፤ ለማንም ጠቦሃል፣ ሰፍቶሃል አላለችም። ይህ ከመገልበጧ ይልቅ አስፈራኝ።

ማክሰኞ ዕለት ደንበኛችን የሆነ አንድ መምህር ሱሪ ሊለካ መጣ። ቀጭንና ረጅም ሰው ነው። ሣጥኗ ላይ አቆመችው፤ ሁለቱንም እግር ከላይ እስከ ታች በእስፒል ያዘችለትና፣ «አይቀመጡ፣ አይጎንበሱ፣ ብዙም አይተንፍሱ» ብላው ወደ መኪናዋ ሄደች። የታችኛው ክር አልቆባት ነበር። የታችኛውን ክር የምትይዘው ትንሽ የብረት ቤት አለች፤ ክሩ ከተቀየረ በኋላ ልኩ የሚታወቀው በክሩ አንጠልጥለው እጅን ሰበቅ ሲያደርጉ ነው። ዝርግፍ ብላ ከወረደች ላልታለች፤ ንቅንቅ ካላለች ጠብቃለች፤ አንድ ጣት ወርዳ ቆም ካለች ልክ ናት። እህቴ ይህን በቀን አራት አምስት ጊዜ ታደርጋለች፤ እጇ እንጂ ልቧ አያየውም።

ያን ዕለት ግን አንጠልጥላ ሰበቅ አደረገች፤ ብረቷ አንድ ጣት ወርዳ ቆመች፤ እህቴም አብራት ቆመች። እንደገና ሰበቅ አደረገች። እንደገና አንድ ጣት።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ይሄ እኮ ፍሬን ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እያሰብኩ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። መጀመሪያ ማጠንጠኛውን ፈታ ዘይት የጠጡትን ሱፎች አወጣች። እኔ ከኮት አንገት ሥር የምናስገባውን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ አመጣሁ፤ አሮጌዎቹን አስቀምጬ በጠመኔ ዙሪያቸውን አሰመርኩ፤ እሷ አዳዲስ ክቦች ቆረጠች። ብረቶቹን በሳሙና አጠብን። ገጠመችው፣ አዲስ ክር ጠቀለለችበት፣ ዘንጉ ላይ አሰረችውና ዙሪያዋን አየች። ዘንጉን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ረጅም ሰው ያስፈልጋታል።

«መምህር፣ ይህን ይያዙልኝ» አለች።

«እትዬ፣ ሱሪዬ…»

«ሱሪዎ የትም አይሄድም፤ በእስፒል ተይዟል።»

መምህሩ ሣጥኗ ላይ ቆሞ ዘንጉን ያዘ። እትዬ ቀና ብላ የእናታችንን መቀስ አወረደችና የመያዣውን ቀለበት በክሩ ጫፍ አሰረችው። ትንሹን ፍሬን አስገባች። «ሰበቅ ያድርጉት» አለችው። ሰበቅ ሲያደርገው መቀሱ ዝርግፍ ብሎ ወረደ። እኔ በሁለት እጄ ቀለብኩት። ትንሽ አጠበቀች። አሁን ንቅንቅ አላለም። መዞሪያውን ግማሽ ጥርስ መለሰች። መቀሱ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ አንድ ጣት ወረደና ቆመ።

«ልክ ነው» አለች። «ቆሮሶዋ ይህን መጎተት አትችልም፤ አምባዛው ግን ይችላል። እየጠቀጠቀ ይውሰድ፣ ይዋጥ።»

«አምባዛው ማነው?» አለ መምህሩ።

ለትልቁ ፍሬን መቀስ አይበቃም። እትዬ የከሰሉን ካውያ አመጣች፤ ጥሩነቱ ቀዝቃዛ ነበር። ካውያው በክሩ ተንጠልጥሎ ከመምህሩ ፊት መወዛወዝ ጀመረ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር በእግሬ ጣት አናት ላይ ነው» አለ መምህሩ።

«እግርዎን አያንሱ፤ እስፒሉ ይወጋዎታል።»

«ካላነሳሁስ?»

«ካላነሱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርድብዎት። ዋናው እሱ ነው።»

ካውያው እንደ ተከበረ ሽማግሌ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብሎ ወረደና ከጫማው አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። መምህሩ ግንባሩን ጠረገ። «ፊዚክስ ነው የማስተምረው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እንዲህ ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም።» እኔም የሁለቱን መዞሪያዎች ቦታ ጠመኔ ውሃ ያጠፋዋል ብዬ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ነጥብ አደረግኩባቸው።

እትዬ በዚያ አላበቃችም። ካያኳ ጋ ወጥታ የዘንጉን ቱቦ ከጎኗ ነቅላ ከመቀመጫው ኋላ መሀል ላይ ተከለችው። «ጨርቅ በክሩ መሥመር ቢስቡት ይጸናል፤ በሰያፍ ቢስቡት ይለጠጣል» አለች። «ጀልባም ያው ነው። በጎኗ ስትሳብ ነው የምትተኛው።» ያን ሁሉ እሑድ ይህን አለማየቷ አናደዳት፤ ከዚያ ወዲያው በሩ ላይ የሚያልፈውን ሰውዬ እጅጌህ አጥሯል አለችው። ዳነች አልኩ በልቤ።

እሑድ ጠዋት ሲስተር ተረኛ አልነበረችም። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብላ መጣች። ፊሽካ በአንገቷ፣ የቁስል ማሸጊያ በቦርሳዋ። ጋሽ የለም በትልቁ ጀልባ እኔንና እሷን ይዞ ከካያኳ ኋላ ቀዘፈ። እኔ ውሃ እፈራለሁ፤ የጀልባውን ጠርዝ የያዝኩበት ምልክት እስከ ማክሰኞ መዳፌ ላይ ነበር።

እትዬ ሐር ስትሰፋ ፔዳሏን በምትረግጥበት ፍጥነት ቀዘፈች፤ ቀስ፣ እኩል፣ ሳታቋርጥ። ቆሮሶዋ ከኋላ ትከተላለች። ውሃው እንደተተኮሰ አንሶላ ነበር።

«ዓሣ አለ ጋሼ?» አለች ሲስተር።

«የለም።»

ያን ጊዜ ማጠንጠኛው ጠቅ አለ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ጠቅጠቅጠቅጠቅ። እትዬ መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዘንጉን አነሳች፤ አልቸኮለችም፤ ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁት። «ይዋጥ» አለች። ከዚያ እጀታውን አንዴ አዞረችው። ትልቁ ፍሬን ያዘ፤ ዘንጉ ጎበጠ፤ ካያኳ አፍንጫዋን ወደ ዓሣው አዞረችና ያለ ቀዛፊ ሄደች።

ሄደች ስል በእውነት ሄደች። እህቴ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በዓሣ እየተሳበች በፊታችን አለፈች። «ካውያው ያዘ» ትላለች። «አንቺ ልጅ፣ ካውያው ያዘ።» ሳቋ ከማዶ ገደል ተመልሶ መጣ። ጋሽ የለም እየቀዘፈ ሊደርስባት አልቻለም። ሐይቁን ግማሽ ዞርን። እኔም የጀልባውን ጠርዝ ለቅቄ እያጨበጨብኩ እንደነበር ያወቅኩት ሲስተር «አክስቴ ተቀመጪ» ስትለኝ ነው፤ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ዓሣው ብልሃት አመጣ። ወደ ታች ጠልቆ በካያኳ ሥር ወደ ሌላው ጎን ዞረ። ክሩ ከሆዷ ሥር ገባ፤ ዘንጉ በሰያፍ ተሳበ፤ ካያኳ ተጋደለች። እትዬ በአንድ እጇ ዘንጉን፣ በሌላው የካያኳን ጠርዝ ይዛለች። ፍሬኑን የምታላላበት ሦስተኛ እጅ የላትም። የውሃው ከንፈር የካያኳ ጠርዝ ላይ ደረሰ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ጀልባችን ልክ ያን ጊዜ አጠገቧ ደረሰች። ሲስተር ተንበርክካ ካያኳን ያዘች፤ ማጠንጠኛው ከእጇ አንድ ክንድ አይርቅም። እናትና ልጅ ተያዩ። ሲስተር ምንም ባታደርግ፣ ምንም፣ የአበባ መደቧን አግኝታ ነበር።

«ከፊት ያለውን ነው የማዞረው?» አለች።

«ወደ ግራ። አንድ ጥርስ።»

ሲስተር አዞረች። ክሩ ትንሽ ለቀቀ፤ ጠቅታው ተሰማ። ጆሮዋን ዘንበል አደረገችና ሰዓቷን አየች፤ ግሉኮስ የምታጠባጥብበት ፊቷ መጣ። «በጣም ይዘገያል» አለች። ሌላ ጥርስ። «አሁን ይሮጣል።» ግማሽ መለሰች። «ስልሳ በደቂቃ። ይኸው ነው፤ በዚህ እንያዘው።» ክሩ እኩል እኩል እየለቀቀ ከሆዷ ሥር ወጣ፤ ካያኳም ቀና አለች። ከዚያ በኋላ ሲስተር መዞሪያውን አልለቀቀችም። እናቷ ትስባለች፣ እሷ ታላላለች፣ ታጠብቃለች፤ ሁለቱም በአንድ ዓሣ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

«አጥብቂው እንጂ።»

«በሽተኛው አልተረጋጋም እማዬ።»

«እኔ ነኝ በሽተኛዋ፣ እጄ ዛለ።»

አምባዛው ደክሞት ሲወጣ ጋሽ የለም በመረብ አንስቶ ጀልባው ውስጥ ጣለው። ጢሙ ከእሱ ጢም ይረዝማል። ዓሣው አንዴ ተወራጭቶ ጭኑ ላይ ወጣ፤ እትዬ በሰፋችለት ሱሪ ላይ። ጋሽ የለም ወደ ታች አየው፤ ወደ እኛ አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ትልቅ ዓሣ ግን የለም» አለ። ሲስተር ያን ሁሉ ጊዜ ይዛው የነበረው ሳቅ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ ጀልባው ወለል ላይ ተቀመጠች።

ዳር ስንደርስ እትዬ ፀጉሯን ወደ ልጇ ዘንበል አደረገች። ሲስተር ዳበሰችው። ደረቅ ነበር።

የመምህሩ ሱሪ በአራት ቀን ዘገየ። በሠላሳ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ቅዳሜ ሊወስድ ሲመጣ ስለ ሱሪው ምንም አላለም፤ ካውያው ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠየቀና በደብተር ጻፈ። ችግኞቹን እኔ ከአንድ አሮጌ የስፌት መኪናችን ሦስት መሳቢያዎች አውጥቼ በእነሱ ውስጥ ተከልኳቸው፤ አራት አራት ሆኑ፤ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው በር ወሰድናቸው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ የዘይቷን ጣሳ ስታነሳ ሲስተር ከሥራ ልብሷ ጋር ገባች። «ማጠንጠኛውን እንዳትነኪው» አለች፣ «ሱፍ ዘይት አይወድም።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ሣጥኗ ላይ ወጥታ መቀሱን አወረደች፤ ክሩን አሰረች፤ ሰዓቷን እያየች ሰበቅ አደረገችው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አንድ ጣት።

እትዬ በዚህ መሀል ከመኪናዋ ሥር አንድ ነገር አወጣች። ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ሰደርያ ነው፤ ወገቡ ገብቷል፣ የፊሽካ ኪስ በደረቱ ላይ አለው። ልጇን በሜትር አልለካቻትም፤ ሣጥኗ ላይ ስትቆም በዓይኗ ጨርሳ ነበር።

«ማን እሄዳለሁ አለ?» አለች ሲስተር።

እኔ ነጭ ቁልፍ ከክሬሙ እለያለሁ ብዬ አቀረቀርኩ። ሲስተር ሰደርያውን ለበሰች፤ ዘለበቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች፤ ወደ መስተዋቱ ዞር አለች።

«በብብቴ በኩል ትንሽ ጠቦኛል» አለች።

«ላላ አደርግልሻለሁ» አለች እህቴ። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ የለም ጋ።»